ሎት የሚወሰነው በማርጂን አይደለም

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡና ቀርቦላችሁ ከሆነ አሁን አንብቡት፣ ካልሆነ ሴቭ አድርጉት።

ሰሞኑን ኢንቦክስ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። "100 ዶላር አለኝ፣ ሌቨሬጄ 1፡500 ነው፣ በስንት ሎት ልግባ?" ይላል። አንዳንዱ ባላንሱን በስክሪንሾት ይልካል፣ አንዳንዱ የብሮከሩን ስም ይጨምራል። አንድም ሰው ግን ስቶፕ ሎሱ ከመግቢያው ምን ያህል እንደሚርቅ አልጻፈልኝም። ያ ሳይታወቅ ደግሞ የሎት ጥያቄ መልስ የለውም። እኔ አላውቅም ለማለት አይደለም፤ ማንም ሊያውቀው አይችልም።

ጥፋቱን በጠያቂዎቹ ላይ አላደርገውም። ባህር ዳር ውስጥ ፎሬክስ የሚያስተምር ሰው ማግኘት ዛሬ ከባድ አይደለም። ቴሌግራም ሞልቷል፤ ሐይቁ ዳር ካሉ ካፌዎች አንዱ ጋ ብትቀመጡም ላፕቶፕ ከፍቶ ሁለት ሦስት ልጆች የከበቡት ሰው አታጡም። ትምህርቱ ከካንድል ይጀምራል፣ ወደ ሰፖርትና ሬዚስታንስ ይሄዳል፣ ከዚያ ኦርደር ብሎክ ይመጣል። የሎት መጠን ነገር በመጨረሻው ቀን ሰው ሻንጣውን እያነሳ እያለ "በአንድ ትሬድ ከ2 በመቶ በላይ ሪስክ አታድርጉ" ተብሎ ያልቃል። 2 በመቶ በ100 ዶላር አካውንት ላይ ምን ማለት እንደሆነ ቁጭ ብሎ አስልቶ የሚያሳይ ብዙም አላየሁም። ቢያሳይ ግማሹ ተማሪ ኮርሱን ትቶ ይሄዳል። ምናልባት የማያሰሉትም ለዚያው ይሆናል።

እንግዲህ እኔ ላስላው።

ማርጂን ክፍያ አይደለም፣ ኮሚሽንም አይደለም። ትሬዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ ብሮከሩ ከገንዘባችሁ ላይ የሚይዘው መያዣ ነው፤ ስትዘጉት ይለቀቃል። 1 ሎት ዩሮ/ዶላር 100,000 ዩሮ ነው። 0.01 ሎት ደግሞ 1,000 ዩሮ። አንድ ዩሮ 1.16 ዶላር ነው ብንል፣ 0.01 ሎት 1,160 ዶላር የሚያወጣ ንግድ ነው። ይህን በሌቨሬጁ አካፍሉት። በ1፡100 መያዣው 11.60 ዶላር ይሆናል። በ1፡500 2.32 ዶላር። በ1፡2000 ደግሞ 58 ሳንቲም።

አሁን ዋጋው 20 ፒፕ በተቃራኒ ሄደ እንበል። የ0.01 ሎት ፒፕ 10 ሳንቲም ስለሆነ ኪሳራው 2 ዶላር ነው። በ1፡100ም 2 ዶላር፣ በ1፡500ም 2 ዶላር፣ በ1፡2000ም 2 ዶላር። ሌቨሬጁ ኪሳራውን አንዲት ሳንቲም አልቀየረውም። የቀየረው መያዣውን ብቻ ነው።

ስለዚህ "ሌቨሬጅ ገዳይ ነው" የሚለውን የተለመደ ወሬ እኔ አልቀበለውም። ሎቱን በትክክል ያሰላ ሰው ሌቨሬጁ ከፍ ቢል እንዲያውም የሚታሰርበት ገንዘብ ያንሳል። አካውንት የሚያቃጥለው ሰው ሎቱን ከማርጂኑ ተነስቶ ሲወስን ነው፤ ማለትም "ስንት ይፈቅድልኛል?" ብሎ ሲጀምር። የሚፈቀድለት ብዙ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው።

100 ዶላሩን በ1፡500 ይዞ 0.40 ሎት ዩሮ/ዶላር የገባውን ልጅ እንውሰድ። ይፈቀድለታል፤ መያዣው 92.80 ዶላር ነው፣ 7.20 ዶላር ፍሪ ማርጂን ይተርፈዋል። የአንድ ፒፕ ዋጋ አሁን 4 ዶላር ነው። ስፕሬዱ አንድ ፒፕ ቢሆን ገና ሲገባ 4 ዶላር ሄዷል። ማርጂን ሌቭል የሚባለው ኢኩዊቲ ለተያዘው ማርጂን ተካፍሎ በ100 ሲባዛ ነው፤ ሲጀምር 108 በመቶ አካባቢ የነበረው ሁለት ፒፕ ሳይሞላ ከ100 በመቶ በታች ይወርዳል፣ የማርጂን ኮል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ስቶፕ አውቱ 50 በመቶ የሆነ ብሮከር ጋ ከሆነ ኢኩዊቲው 46.40 ሲደርስ ሲስተሙ ራሱ ይዘጋዋል። 53.60 ዶላር በ4 ሲካፈል 13 ፒፕ ከምናምን። ዩሮ/ዶላር 13 ፒፕ ለመንቀሳቀስ የእናንተን ማኪያቶ መምጣት አይጠብቅም።

ስቶፕ አውታቸው 20 በመቶ፣ አልፎም 0 በመቶ የሆኑ ብሮከሮች አሉ። "የእኛ እስከ መጨረሻው ይታገሳል" ብለው ያስተዋውቁታል። ትዕግሥቱ በማን ገንዘብ ላይ እንደሆነ አስቡት።

ከዘጌ በደንገል ታንኳ ማገዶ ጭኖ ወደ ባህር ዳር የሚቀዝፍ ሰው ታንኳው ላይ ቦታ እስካለ ድረስ አይጭንም። ጠዋት ጣና ጸጥ ብሎ ሲታይ ተጨማሪ አንድ ሸክም የሚችል ይመስላል፤ ሰውየው ግን የሚያስበው ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን ነፋስ ነው። ደንገሉም መንገድ ላይ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ፍሪ ማርጂን ታንኳው ላይ ያለ ባዶ ቦታ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም የለውም።

አሜሪካ ውስጥ ለተራ ሰው የሚፈቀደው ከፍተኛ ሌቨሬጅ በዋና ዋና ገንዘቦች ላይ 50 ነው። ጃፓን 25። የአውሮፓ የገበያ ተቆጣጣሪ በነሐሴ 2018 እ.ኤ.አ. 30 ላይ ቆለፈው፣ ለወርቅ 20 ብቻ። ያን ውሳኔ ሲያሳልፍ በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶችን ጠቅሶ ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆኑት የተራ ደንበኞች አካውንቶች እንደሚከስሩ ተናግሯል። አስተውሉ፣ እነዚያ ሰዎች መብራት የማይጠፋባቸው፣ ኢንተርኔት የማይቆራረጥባቸው ናቸው። ለእኛ 1፡2000 የሚሰጡን በጣም ስለሚወዱን ይመስላችኋል?

እሺ፣ ታዲያ ሎት እንዴት ይወሰናል? ከስቶፑ ተነስቶ። መጀመሪያ ቻርቱን አይታችሁ "ዋጋው እዚህ ከደረሰ ሐሳቤ ስህተት ነበር" የምትሉበትን ቦታ ታገኛላችሁ። ከመግቢያችሁ እስከዚያ ያለውን ፒፕ ትቆጥራላችሁ፣ ስፕሬዱን ትጨምሩበታላችሁ። ቀጥሎ ልታጡ የተዘጋጃችሁትን ዶላር ትወስናላችሁ። ዶላሩን ለፒፑ ብዛትና ለ1 ሎት የፒፕ ዋጋ ብዜት ታካፍላላችሁ። ዩሮ/ዶላር ላይ የ1 ሎት ፒፕ 10 ዶላር ነው። የን ያለበት ጥንድ ላይ ይለያል፤ አንድ ዶላር 150 የን ሲሆን የዶላር/የን የ1 ሎት ፒፕ 6.70 ዶላር አካባቢ ይመጣል።

300 ዶላር ላለው ሰው 2 በመቶ 6 ዶላር ነው። ስቶፑ 25 ፒፕ ከሆነ፣ 6 ሲካፈል ለ250፣ 0.024 ሎት። ወደ ታች አጠጋግቶ 0.02 ይገባል። ወደ ላይ ማጠጋጋት የለም። 0.03 "ትንሽ ብቻ ነው የጨመርኩት" የሚባል አይደለም፤ ሪስኩ 7.50 ዶላር፣ 2.5 በመቶ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ 100 ዶላሩ። 2 በመቶ 2 ዶላር ነው። በ25 ፒፕ ስቶፕ 0.008 ሎት ይወጣል። እንደዚህ ያለ ሎት በተለመደው አካውንት ላይ የለም፤ ትንሹ 0.01 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚያደርገው ስቶፑን ወደ 15 ፒፕ ማሳጠር ነው። ሒሳቡ ይስተካከላል፣ ትሬዱ ግን ይበላሻል። ስቶፑ ገበያው በመደበኛ እስትንፋሱ የሚነካው ቦታ ላይ ከተቀመጠ፣ ሐሳባችሁ ትክክል ሆኖም ትወጣላችሁ። ትክክለኛው መልስ ያን ትሬድ ማለፍ ነው። 20 ፒፕና ከዚያ በታች የሚፈልግ ሲመጣ 0.01 ትገባላችሁ፣ አንድ ብቻ። በአንድ ጊዜ ዩሮም ፓውንድም ወርቅም መግዛት ሦስት የተለያየ ትሬድ አይደለም፤ ሦስቱም ዶላር ይወድቃል የሚል አንድ ውርርድ ነው፣ ሪስኩም ይደመራል።

"2 በመቶ በጣም ትንሽ ነው" የሚለኝ ሰው አለ። ይኸውላችሁ። 10 ጊዜ በተከታታይ በ2 በመቶ የከሰረ ሰው ከ100 ዶላሩ 81.70 ይቀረዋል። ለመመለስ 22 በመቶ ገደማ ማትረፍ ይበቃዋል። በ10 በመቶ እየገባ 10 ጊዜ የከሰረ ደግሞ 34.90 ዶላር ይቀረዋል፤ ለመመለስ 187 በመቶ ማትረፍ አለበት። 10 ተከታታይ ኪሳራ ሩቅ ይመስላል፤ ግማሽ በግማሽ የሚያሸንፍ ጎበዝ ነጋዴ ግን 5 ተከታታይ ኪሳራ በ100 ትሬድ ውስጥ ማየቱ ብርቅ አይደለም። ሳንቲም እየወረወራችሁ ሞክሩት፣ ነፃ ነው።

ወርቅ ላይ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። እኛ አገር ትሬደር ሁሉ ወርቅ ወዳጅ ነው፣ ምክንያቱም ይሮጣል። 1 ሎት ወርቅ 100 አውንስ ነው፤ 0.01 ሎት 1 አውንስ። ወርቅ 1 ዶላር በተንቀሳቀሰ ቁጥር 1 ዶላር ታገኛላችሁ ወይ ታጣላችሁ። አንድ አውንስ ከ4,000 ዶላር በላይ ከሆነ በኋላ በቀን 50 ዶላር መውጣትና መውረድ ተራ ነገር ነው። በዚህ ዋጋ ላይ 10 ዶላር ስቶፕ ጠባብ ነው፣ ለ100 ዶላር አካውንት ግን 10 በመቶ ነው። 2 በመቶውን ለማክበር ስቶፑ 2 ዶላር መሆን አለበት፤ ያ ደግሞ ስፕሬድ እንኳ ሊበላው ይችላል።

ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ወርቅ ከሪከርድ ዋጋው በአንድ ቀን ከ5 በመቶ በላይ ወረደ። በዶላር ከ200 በላይ ነው። ያን ቀን ጠዋት 100 ዶላር አካውንት ላይ ትንሿን 0.01 ገዝቶ "ይመለሳል" ብሎ ያለ ስቶፕ የተቀመጠ ሰው፣ ሎት ሳያበዛ፣ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ የሚያልቅበት ርቀት ነው ገበያው የተጓዘው። ስለዚህ አቋሜ ይሄ ነው፤ በ100 ዶላር ስታንዳርድ አካውንት ወርቅ መነገድ ሪስክ ማኔጅመንት የሚባል ነገር የለውም። ትንሿ ሎት ራሷ ትበዛባችኋለች። ለ100 ዶላር ባለቤቶች ወርቅ ሲግናል የሚሸጡ ቻናሎች ይህን አያውቁም ብዬ አላምንም።

መውጫው ሴንት አካውንት ነው። ባላንሱ በሳንቲም ይቆጠራል፣ 1 ሎቱ 1,000 ዩሮ ብቻ ነው። ስለዚህ 0.008 ያልነው ስታንዳርድ ሎት እዚያ ላይ 0.80 ሆኖ በትክክል ይገባል። ልጆቹ የማይወዱት ስክሪንሾቱ ስለማያምር ነው። 1.40 ዶላር ያተረፈ ሰው ስቶሪ ላይ ምን ይለጥፋል?

ስቶፕ ካለ ሁሉ ነገር አለቀ ማለትም አይደለም። ጥር 2007 ዓ.ም. የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ የያዘውን ወለል በድንገት ለቀቀው። ዋጋው በደቂቃዎች ውስጥ ከ1.00 በታች ገባ። ስቶፕ ያስቀመጡ ሰዎች ስቶፓቸው ባለበት ዋጋ የሚገዛቸው አልተገኘም፤ ብዙ ርቆ ነው የተዘጋላቸው። አልፓሪ ዩኬ የሚባለው ትልቅ ብሮከር ከሰረ፤ ኤፍኤክስሲኤም ደግሞ ደንበኞቹ 225 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ውስጥ ገቡበት። ሎታቸው ትንሽ የነበረ ሰዎች ተጎዱ፣ ግን ተረፉ። በየወሩ የመጀመሪያ አርብ አካባቢ የአሜሪካ የሥራ ስምሪት ሪፖርት ሲወጣ፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 9፡30 ወይም እንደ ወቅቱ 10፡30፣ ይሄው ነገር በትንሹ ይደገማል። ቅዳሜና እሁድ ተዘግቶ ሲከፈትም እንዲሁ።

እዚህ ባህር ዳር ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፣ የዩቲዩብ አስተማሪዎች የማይነግሯችሁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ለቀናት አልነበረም፤ ለብዙ ወራት ነው የቆየው። ከዚያ በኋላም መብራት ሲሄድና ኔትወርክ ሲደክም ሁላችንም እናውቀዋለን። "ስቶፕ አላስቀምጥም፣ አይኔን አልነቅልም፣ ካልሆነ በእጄ እዘጋዋለሁ" የሚል ትሬደር ለንደን ውስጥ ሞኝ ሊባል ይችላል፤ ባህር ዳር ውስጥ ግን ስልኩ ከእጁ ባይለይ እንኳ ዓይነ ስውር ሊሆን ይችላል። ስቶፕ ሎስ ከትእዛዙ ጋር አብሮ ሲላክ ብሮከሩ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፣ እናንተ ብትጠፉም ይሠራል። ሜታትሬደር ላይ ያለው ትሬይሊንግ ስቶፕ ግን ከራሳችሁ ኮምፒውተር ነው የሚንቀሳቀሰው። መብራት ሲጠፋ እሱም መንቀሳቀሱን ያቆማል፣ የመጨረሻው ቦታ ላይ ይቀራል። ይህን የማያውቅ ብዙ ሰው አለ።

አንድ ሌላ የሚያታልል ነገር ደግሞ ብሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ዋጋውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ ዛሬ ከ150 በላይ ነው። ያኔ 100 ዶላር የነበረውና 40ውን የከሰረ ሰው በእጁ 60 ዶላር አለው። በባንክ ዋጋ ሲያሰላው 5,700 የነበረው 9,000 ሆኖ ያገኘዋል። "በፎሬክስ አትርፌአለሁ" ብሎ ያወራል፣ ወንድሙንም ያስገባል። በትይዩ ገበያ የገዛ ሰው ቁጥሩ ይለያል፤ ግራ መጋባቱ ግን ያው ነው። ዶላሩን ዝም ብሎ ይዞት ቢሆን 15,000 ነበር። አካውንታችሁን በዶላር ቁጠሩ፣ በብር አትቁጠሩ።

ሰው ሎት የሚያበዛው ማካፈል አቅቶት ነው ብዬ አላምንም። ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ የተማረ ልጅ ይሄን ሒሳብ ያቅተዋል? ከ100 ዶላር ደመወዝ ስለሚጠብቅ ነው። በወር 5 በመቶ ያለማቋረጥ የሚያተርፍ ሰው በዓለም ደረጃ የሚደነቅ ነው፤ በ100 ዶላር ላይ ግን 5 ዶላር፣ 750 ብር ገደማ ነው። 750 ብር ቤት ኪራይ አይከፍልም። እህቱ ከቤሩት የላከችለትን ገንዘብ ይዞ ሥራ ያጣ ልጅ፣ ቤት ውስጥ "ምን ላይ ደረስክ?" የምትል እናት ያለችው፣ 0.01 እየገባ 1.50 ዶላር መጠበቅ አይችልም። 0.40 የሚገባው እዚህ ጋ ነው። አስተማሪው ይህን እያወቀ "ዲሲፕሊን የለህም" ሲለው ይከፋኛል። የልጁን ችግር ዲሲፕሊን አይፈታለትም፤ ገንዘቡ ለተጣለበት ሸክም ትንሽ ነው። እንዲህ ላለ ሰው የምመክረው ፎሬክሱን እንደ ትምህርት ይዞ በሴንት አካውንት እንዲለማመድ፣ ለእንጀራው ደግሞ ሌላ ሥራ እንዲፈልግ ነው። የእህቱን ገንዘብ ጨርሶ እንዳይነካ። ይህን ስል "ተስፋ አታስቆርጥ" የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ይምጣ።

ስለ ሕጉም አንድ ቃል። አብዛኞቻችን የምንጠቀማቸው ብሮከሮች ሲሼልስ፣ ሞሪሸስ ወይም ሴንት ቪንሰንት የተመዘገቡ ናቸው። የአውሮፓው 50 በመቶ ስቶፕ አውትም፣ ከዜሮ በታች ዕዳ እንዳይገባ የሚከለክለው ሕግም እናንተን በግዴታ አይሸፍናችሁም፤ ብሮከሩ ከሰጣችሁ በፈቃዱ ነው። ገንዘብ የምታስገቡበት የክሪፕቶ መንገድም ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ያልተፈቀደ ነው ብሎ ያስጠነቀቀበት ነው። ወጪ ማድረግ ቢያቅታችሁ የምትሄዱበት ቢሮ ባህር ዳር ውስጥ የለም። ይህም የሎት ጉዳይ ነው፤ አካውንት ውስጥ የምታስቀምጡትን ጠቅላላ ገንዘብ ስትወስኑ አስገቡት።

ከዛሬ ጀምሮ የሎት ጥያቄ ስትልኩልኝ ባላንሱን፣ ጥንዱን፣ የመግቢያውንና የስቶፑን ዋጋ ጻፉልኝ። ሌቨሬጁን ባትጽፉም ችግር የለውም። ኮሜንት ላይ የሲግናል ሊንክ የምትለጥፉ ወንድሞች ግን አጠፋዋለሁ፣ ከአሁኑ ይቅርታ።